የአያት ነፍጥ ለያዛችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ነፍጥ በሚመለከት ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ከታች ከምጠቅሰው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ነፍጥ ምላጩ ከፍ ብሎ አንበሳ ተቀርጾበታል። የምኒልክ ነው?

መልስ፦ አንበሳውን ደህና አድርገህ እየው። የእኛ የይሁዳ አንበሳ እየተራመደ በአንድ እግሩ በትር ይይዛል። ያንተው በኋላ እግሮቹ ቆሞ ዘውድ ካቀፈ ግን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምልክት ነው። አንኮበር መገኘቱ አይግረምህ። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ ከቦምቤይ ተልኮ በታጁራ ወደብ በኩል ሸዋ ሲገባ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ስጦታ ውስጥ 300 ነፍጥ ነበር። ያንተው ከእነዚያ አንዱ ነው ብዬ አልምልልህም፤ በዚያው መንገድ ነጋዴም ጠመንጃ ያስገባ ነበር። አያትህ ከማን እንዳገኙት የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ግን ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቅ፣ ጻፈውም። ያን ታሪክ ከብረቱ ላይ አታገኘውም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ ተዪው! ከዝገቱ ጋር ማህተሙም ይሄዳል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንዱን እንደ መስተዋት አብርቼ የየት አገር ሥራ እንደሆነ ሳላውቅ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለስላሳ ጨርቅ በጥቂት የስፌት መኪና ዘይት አርሰሽ ጥረጊው፣ ይበቃዋል። በቆዳ ጠቅልለሽም አታስቀምጪው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ሰናድርና ውጅግራ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ ሰናድር መጀመሪያ በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ ኤንፊልድ የሚባል የ1853 የእንግሊዝ ጠመንጃ ነበር። እንግሊዞች ከ1866 ጀምሮ ከኋላ እንዲጎርስ ኋላውን ቆርጠው ወደ ቀኝ የሚከፈት ክዳን አበጁለት። መቅደላ ላይ በ1868 የተተኮሰው እሱ ነው። ውጅግራ የ1874 የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ «ፉዚል ግራ» በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። በመቀርቀሪያ ይከፈታል፣ አፉም 11 ሚሊ ሜትር ነው። የሰናድር 14.7 ነውና ጣትህን ብታስጠጋ ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ ወደ ውጭ አገር ልሸጠው እችላለሁ?

መልስ፦ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ለመያዙም ቢሆን መጀመሪያ ፖሊስንና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትን ጠይቅ።

ጥያቄ (ከአሊዩ አምባ)፦ አባቴ ለሠርግ ልተኩስበት ይላሉ።

መልስ፦ ለምነህ አስቀራቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የዛገ ብረት ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በአፈሙዙ የሚጎርስ ከሆነ ደግሞ ባሩድና አረር እንደታጨቀበት ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ከፊትህ አርቀህ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስኪቆም ድረስ ቀስ ብለህ ክተት፣ አፉ ላይ ምልክት አድርግበትና አውጥተህ በውጭ በኩል ለካው። እሳት መግቢያው ቀዳዳ አጠገብ ካልደረሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ። ያኔ በራስህ አትነካካው፤ እሳትና ልጆች አርቅና ፖሊስ ጥራ።