ቁልፉን ማን ይያዝ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ አማከረችኝ። ታላቅ ወንድሟ ለዓመታት በየቀኑ ጠጥቷል። አሁን ራሱ «በቃኝ» ብሏል። ቤተሰቡም ተመካክሮ ክፍል ውስጥ ሊቆልፍበት ነው። «ሲስተር፣ ቁልፉን እኔ ልያዝ ወይስ እናቴ?» አለችኝ።

ይሄኔ የኤንትሬው፣ የዚያ የድሮ ጭነት መኪና፣ ሾፌር ትዝ አለኝ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ሾፌሩ ከአሰብ ጨው የሚያመላልስ፣ ሳቂታና ቸር ሰው ነበር። ግን ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ መሪ አይጨብጥም። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ መጠጥ ሊተው ማለ። ሚስቱን «ቆልፊብኝ» ያላትም ራሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አላበው፣ ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛው ሌሊት ጣለው፤ ምላሱን ነከሰ። በሦስተኛው ቀን ከጋቢው ላይ የሌለ ጉንዳን ያራግፍ ጀመር። ረዳቱ አጠገቡ ያለ ይመስል «ታኮ አድርግ! ታኮ አድርግ!» እያለ ይጮሃል። ጎረቤቱ «ልክፍት ነው» አለ። አንዲት ባልቴት ግን አረቄ ይዘው መጥተው አጠጡት። እያደር ረጋ።

እኔ ይህን የሰማሁት ምላሱን ሊታከም ሲመጣ ነው። «አረቄው ነው ያዳነኝ» እያለ ይስቃል። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። መንደሩ «ልትገድለው ነበር» ብሎ ስሟን አጥፍቶታል። ከዚያ ወዲህ ሊተው ሞክሮ አያውቅም። ለእሱ መተው ማለት መሞት ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተመለሰ፤ አልተረፈም።

የሚያንገበግበኝ ቆርጦ የተነሳ ሰው መሆኑ ነው። መድኃኒቱ፣ ያ ርካሹ ማረጋጊያ ዲያዜፓም፣ እዚያው ዋርድ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው። እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ፍሬኑን ለመቋቋም ነዳጅ ረግጦ ይኖራል። ፍሬኑ በአንዴ ሲለቀቅ መኪናው ይፈተለካል። መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። መቃዠቱ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይመጣል፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ክትትል እያደረገ ዲያዜፓም በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1 ይጨምርበታል። ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ ልጄ፣ ቁልፉን ማንም አይያዝ። ከመጨረሻው መለኪያ በፊት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤልም ጳውሎስም አሉ። ስንት እንደሚጠጣ ስትናገሩ ቁጥሩን አትቀንሱለት፤ ለሐኪም ይሉኝታ የለም።

ጠበል እንሄዳለን ካላችሁ እኔም ጠበልተኛ ነኝ። ግን መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፣ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ጾምና ውሃ ጥም ይቅርበት። አጎቴ ያለ ሐኪም፣ በጠበል ብቻ መጠጥ ትቶ ሰማንያ ዓመቱን ደፍኗል። ይህን መንገሬ ምክሬን እንደሚያፈርስ አውቃለሁ፤ ግን አልደብቃችሁም።

እናንተ የዛሬ ልጆች በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ፤ «ተጨንቄያለሁ» ማለት አታፍሩም። አንዳንዴ ታበዙታላችሁ፤ ፈተና የወደቀ ሁሉ ዲፕሬሽን ያዘኝ ይላል። ይሁን። እኔን የሚያናድደኝ ጨብሲው ነው። ከሰዓት ጫት ቅማችሁ፣ ማታ ምርቃናውን በቢራ ትሰብራላችሁ። ጫቱን መተው ድብርትና ዱካክ እንጂ እንዲህ አይጥልም። ጨብሲው ግን ሳታውቁት ዕለታዊ ጠጪ ያደርጋችኋል።

ሌሊት ከጣለው በጎኑ አስተኙት። ከአጠገቡ የሚመታውን ነገር አርቁ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፣ ክብሪትም አታሽትቱ። ይነጋል ብላችሁ ሳትጠብቁ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ለተረኛውም መጀመሪያ የምትነግሩት መጠጥ ያቆመበትን ሰዓት ይሁን።