ወጥ ፈተና ይቅር ወይስ ይቆይ? ስለ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ጥያቄና መልስ

በትምህርት ምዘና ሙያ ላይ የቆየሁ እንደ መሆኔ፣ ስለ ወጥ ፈተናዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልስ እሰጣለሁ። ወጥ ፈተና የምለው ይዘቱ፣ የተመደበለት ሰዓትና አስተራረሙ ለተፈታኙ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነውን ነው። ብዙዎቹ ጥያቄዎች በአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በኤስኤቲ ዙሪያ ስለሆኑ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ፤ ዓመቶቹና ቀኖቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤስኤቲ ከመነሻው የተዘጋጀው አንዱን ወገን አስገብቶ ሌላውን ለማስቀረት ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰኔ 1926 ለ8,000 ያህል ተማሪዎች ሲሰጥ ያዘጋጀው የፕሪንስተኑ የሥነ ልቦና ምሁር ካርል ብሪገም ነበር፤ መነሻ ያደረገውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ወታደሮች ይሰጥ የነበረውን የአእምሮ ፈተና ነው። ብሪገም የሰው ዘሮች በተፈጥሯቸው በአእምሮ ይበላለጣሉ የሚል መጽሐፍ በ1923 አሳትሞ፣ በ1930 ድምዳሜው መሠረት የሌለው መሆኑን ራሱ በጽሑፍ አምኗል። በሌላ በኩል በ1930ዎቹ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ኮናንት ይህንኑ ፈተና የፈለጉት፣ ስመ ጥር ከሆኑት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውጭ ያሉ ጎበዝ ልጆችን አግኝተው የነጻ ትምህርት ዕድል ለመስጠት ነበር። በመሆኑም ከታሪኩ ይልቅ ዛሬ የሚሠራውን ሥራ መመርመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሀብታም ልጅ ከፍ ያለ ውጤት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ታዲያ የሚለካው የአባት ኪስ አይደለምን?

መልስ፦ ልዩነቱ መኖሩን የሚክድ ባለሙያ የለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን በ2023 ይፋ ባደረጉት መረጃ መሠረት፣ ከ1600 ውስጥ 1300 እና ከዚያ በላይ የማምጣት ዕድል በሀብት ከላይ ባለው አንድ በመቶ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ይልቅ 13 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አከራካሪው ነገር ፈተናው ይህን ልዩነት ይፈጥረዋል ወይስ ያሳየዋል የሚለው ነው። መጻሕፍት በሌሉበት ቤትና ብቁ መምህር በጎደለበት ክፍል ያደገ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያመጣ፣ ጉዳቱ የደረሰበት በፈተናው ዕለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እንዲህ ስል የጥያቄዎቹ አዘገጃጀት እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ «ሯጭ ለማራቶን እንደሆነ ሁሉ» ብሎ ጀምሮ፣ ተፈታኙ «ቀዛፊ ለጀልባ እሽቅድድም» የሚለውን እንዲመርጥ የሚጠብቅ ጥያቄ ነበር፤ የጀልባ እሽቅድድም የባለጸጎች መዝናኛ በመሆኑ፣ ዝምድናውን ለመረዳት የማያንሰው ልጅ ነገሩን ሰምቶት ስለማያውቅ ብቻ ይሳሳታል። እነዚህ የማዛመድ ጥያቄዎች በ2005 ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል። ዛሬ አንድ አዲስ ጥያቄ ነጥብ ሳይያዝበት በተፈታኞች ላይ ይሞከራል፤ በጠቅላላ ውጤታቸው እኩል የሆኑ ወንዶችና ሴቶች በዚያ ጥያቄ ላይ በጉልህ ከተለያዩ፣ ጥያቄው ተመርምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ይጣላል።

የማጠናከሪያ ትምህርት ጉዳይም ከሚገባው በላይ ይጋነናል፤ አማካይ ጭማሪው ወደ 30 ነጥብ ገደማ መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። በአንጻሩ የእነ ቼቲ ጥናት ያሳየው ሌላ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል፦ በታላላቆቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች፣ በፈተና እኩል ውጤት ካመጡ ልጆች መካከል የባለጸጋው ልጅ የመግባት ዕድሉ ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህን ብልጫ በአብዛኛው ያመጡት ወላጅ በዚያው መማሩ፣ የስፖርት ምልመላና ከትምህርት ውጭ ላሉ ተሳትፎዎች የሚሰጠው ግምት ናቸው።

ጥያቄ፦ ፈተናው ቢቀር መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚሰጡት ውጤት አይበቃም?

መልስ፦ እንግሊዝ በ2020 ይህን ለመሞከር ተገድዳ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሆነው የኤ ሌቭል ፈተና ሲሰረዝ፣ መምህራን እያንዳንዱ ተማሪ ያመጣ ነበር ብለው የሚገምቱትን ውጤትና በክፍሉ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንዲልኩ ተጠየቁ። ግምቱ በጣም ለጋስ ሆኖ ስለተገኘ የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በስሌት ቀመር አስተካከለው፤ ቀመሩም ትምህርት ቤቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያስመዘገበውን ውጤት ተመርኩዞ የዘንድሮውን ያከፋፍላል። ተማሪዋ የቱንም ያህል ብትጎብዝ፣ ከእሷ በፊት በትምህርት ቤቷ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣ ከሌለ ለእሷም የመድረሱ ነገር የመነመነ ሆነ። ጥቂት ተማሪዎች ባሉባቸው ክፍሎች ግን የመምህሩ ግምት እንዳለ ይወሰድ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ክፍሎች የሚበዙት ደግሞ በግል ትምህርት ቤቶች ነው። ከመምህራን ግምት 40 በመቶ የሚሆነው ዝቅ በመደረጉ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም ነሐሴ 17 ቀን ቀመሩን ትቶ ወደ መምህራኑ ግምት ተመለሰ። ከዚህ የምወስደው፣ ፈተና ሲነሣ ፍርዱ እንደማይነሣ፣ ይልቁንም ተማሪው ሊያየውና ሊከራከርበት ወደማይችል ቦታ እንደሚዛወር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። ትልቁ ጥፋት በኮሌጅ መግቢያ ሳይሆን በትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ለፈተና ስናዘጋጅ ማስተማር ቀረ።

መልስ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አሜሪካ በ2002 ባወጀችው ሕግ መሠረት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ፣ ውጤታቸውም ትምህርት ቤቶችን ለመቅጣት እንዲውል ተደረገ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የታሪክን፣ የሥነ ጥበብንና የሳይንስን ክፍለ ጊዜ ቀንሰው ለሁለቱ ትምህርቶች ሰጡ። በአትላንታ ከተማ የ2011 የምርመራ ሪፖርት በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች በውጤት ማጭበርበር መሳተፋቸውን ገልጿል፤ አንዳንዶቹ የተማሪዎችን የተሳሳተ መልስ በላጲስ እያጠፉ ያርሙ ነበር። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ዶናልድ ካምቤል በ1970ዎቹ እንዳስገነዘበው፣ አንድ አኃዝ ለውሳኔ በዋለ መጠን ለመበላሸት ይጋለጣል። ተማሪው ምን እንደጎደለው ለማወቅ የሚሰጥ ፈተናና የመምህሩን እንጀራ የሚወስን ፈተና በወረቀት አንድ ቢመስሉም በአሠራር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ ነጥብ መውደቅ ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያው ተማሪ ሌላ ቀን ቢፈተን፣ በኤስኤቲ አንድ ክፍል ውጤቱ 30 ወይም 40 ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊል እንደሚችል አዘጋጁ ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ያስታውቃል። 590 እና 600 ያመጡትን ሁለት ልጆች በመቁረጫ ነጥብ የሚለይ ተቋም የሚለየው ችሎታቸውን ሳይሆን ዕድላቸውን ነው።

ጥያቄ፦ ፈተናውን ለድሃ ተማሪዎች የሚጠቅም ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በነጻና በትምህርት ቀን ለሁሉም ቢሰጥ። የአሜሪካው የሚሺጋን ግዛት በ2007 ሌላውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤሲቲን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ በገዛ ክፍላቸው መስጠት ሲጀምር፣ በፈቃዳቸው ተፈትነው ለኮሌጅ ብቁ ከሚሆኑ 10 ድሃ ተማሪዎች በተጨማሪ፣ ፈጽሞ ሳይፈተኑ ይቀሩ የነበሩ 5 ያህል ብቁዎች ተገኝተዋል። ክፍያ፣ የቅዳሜ ቀንና ሩቅ የፈተና ጣቢያ እነዚህን ልጆች ደብቀዋቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የማመለክት ተማሪ ነኝ። ውጤት መላክ በፈቃድ ከሆነ፣ 1400 አካባቢ ይዤ ልላክ ወይስ ልተው?

መልስ፦ የመጡበትን ትምህርት ቤት ይመልከቱ። ዳርትመዝ ኮሌጅ በ2024 ፈተናውን ወደ ግዴታነት ሲመልስ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ችግር ካለባቸው አካባቢዎች የመጡ አመልካቾች ሊጠቅማቸው ይችል የነበረውን ውጤት ዝቅተኛ መስሏቸው ሳይልኩ መቅረታቸው ነው። ውጤትዎ በትምህርት ቤትዎ ከተለመደው ጎልቶ የሚበልጥ ከሆነ ይላኩት። ኤምአይቲ ከ2022፣ ብራውንና ሃርቫርድም ከ2024 ውሳኔያቸው ወዲህ ውጤት የሚጠይቁ በመሆናቸው በእነሱ ዘንድ ምርጫ የለዎትም፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ቢልኩለትም ለቅበላ ውሳኔ አይመለከተውም።