ከጾሙ በኋላም ያልወረደው ኮሌስትሮል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 51 ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት በተደረገልኝ የደም ምርመራ ጎጂው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ 164፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ደግሞ 220 ነበር። ሐኪሜ ቅቤና ሥጋ እንድቀንስ ስለ መከሩኝ 55ቱን ቀን ቅቤም ሥጋም ወተትም ሳልነካ ጾምሁ። ይሁን እንጂ በሕማማት ሰሞን ስመረመር ኤልዲኤሉ 161 ሆኖ ተገኘ። ቤታችን የሚገባው ዘይት እንኳ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?
ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጾምዎን በሚገባ ጾመዋል፤ እኔ የምጠረጥረው ዘይቱን ነው። እስቲ ነገ ማለዳ ጀሪካኑን ይመልከቱት። በብርዱ ነጭ ሆኖ ከረጋና ለማውጣት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም በማንኪያ መጫር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ የፓልም ዘይት መሆኑ አይቀርም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም፤ ኮሌስትሮል ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከየትኛውም የአትክልት ዘይት አይገኝም። ነገር ግን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ ሐኪሞች ሳቹሬትድ ፋት የሚሉት የሚረጋ ቅባት ሲበዛበት ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ መልሶ የመሰብሰብ አቅሙ ይቀንሳል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ቅባት ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ከቅቤ ብዙም አይርቅም።

በቁጥር ልንገርዎት። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚረጋው ቅባት ከ22 ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት ብቻውን 21 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ያው መጠን የኑግ ዘይት ግን 7 ግራም ያህል ቢሆን ነው። በጾም ወቅት ወጡ ቅቤ ስለሌለው እንዲጣፍጥ እየተባለ ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ ይጨመርበታል፤ ከሥራ መልስ የሚበላው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖም በዚያው ዘይት የተጠበሰ ነው። ስለዚህ ወደ ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት ይለውጡ፤ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ መጠኑን በመቀነስ ግን ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል። ሽንኩርቱን በደረቁ እያማሰሉ፣ ሲይዝ ውኃ ጠብ እያደረጉ አቁላልተው ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ምስሩን፣ ሽሮውንና የገብስ በሶውን አይተዉ፤ በተለይ በገብስ ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) ኤልዲኤልን ለመቀነስ ያግዛል።

ስለ እንቅስቃሴ አልጠየቁኝም፤ ትራይግሊሰራይድዎ 220 ሆኖ ሳለ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ፣ እየተነጋገሩ መሄድ እየቻሉ መዝፈን በሚያቅትዎት ፍጥነት ይራመዱ። ይህ ትራይግሊሰራይድን ያወርዳል፤ ጠቃሚውን ኮሌስትሮልም በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ኤልዲኤልን የመቀነስ ኃይሉ ግን አነስተኛ ስለሆነ፣ እየተራመድሁ ነው ብለው በዘይቱ እንዳይዘናጉ አደራ እላለሁ። የሻይዎን ስኳርና ለስላሳ መጠጥንም ይቀንሱ።

ይህን ሁለት ወይም ሦስት ወር ሞክረው እንደገና ይመርመሩ። የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎት፣ ወይም ከቤተሰብዎ ዕድሜው ሳይገፋ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ካለ፣ ያን ያህል ሳይቆዩ ስለ መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የታይሮይድ ዕጢ መዳከምም ኮሌስትሮልን ከፍ ስለሚያደርግ እንዲታይልዎት ይጠይቁ።