ቤቱ ደሴ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከወላጆቹ የወረሰው ግቢ አለው። አድሶ ቁርስ ያለው ፔንሲዮን ሊያደርገው አስቧል። እሱ ግን ከአዲስ አበባ አይነቃነቅም። ባልና ሚስት ቀጥሮ ግቢው ውስጥ ያኖራል፤ ሌላውን በካሜራና በስልክ ይከታተላል። በመጨረሻ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ እንዳልሰረቅ ምን ላድርግ?»

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ከመላክ እንደሱ ላሰባችሁ ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

በዚህ ሥራ በሁለቱም በኩል አልፌበታለሁ። ወጣት ሳለሁ ደሴ ውስጥ የአንድ ፔንሲዮን ተቀጣሪ ማናጀር ነበርኩ፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ይኖሩ ነበር። በኋላ ኮምቦልቻ የራሴን ቤት ከፈትኩና እኔ ደሴ ተቀምጬ ሰው ቀጠርኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቅርብ ነው ትሉ ይሆናል። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የወረደ ሰው ግን መንገዱን ያውቀዋል። ሌሊት ቧንቧ ከፈነዳ 25 ኪሎ ሜትሩም የአዲስ አበባው 400ም ያው ነው። ባለቤቱ የለም።

የደሴው ፔንሲዮን ትልቅ አልነበረም። ባለ ሻወር ክፍሎች ከፊት፣ ሻወራቸው የጋራ የሆነው ኮመኖቹ ከጓሮ። ሞባይል ገና በየሰው እጅ አልገባም። ባለቤቱ ማታ ማታ በመስመር ስልኩ ይደውላሉ። መጀመሪያ «ስንት አልጋ ተያዘ?» ይላሉ። ቀጥሎ «ስንት አንሶላ ታጠበ?» ይላሉ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ሁለተኛው ጥያቄ አይገባውም። ክፍል አከራይቶ መዝገብ ላይ ያላሰፈረ ሠራተኛ ገንዘቡን ኪሱ ሊከት ይችላል፤ አንሶላውን ግን ማጠብ አለበት። የታጠበው አንሶላ ከተያዘው አልጋ ከበለጠ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ዘዴው ትክክል ነው። እኔም እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።

አልጋ የምታነጥፈው፣ አንሶላ የምታጥበው፣ ቁርስም የምትሠራው አንዲት ሴት ነበረች። እትዬ ነበር የምንላት። እንግዳ ማታ ሲገባ የመኪናው መነሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ከሰሉን ታያይዛለች። ጨጨብሳዋ በቅቤ የራሰ፣ ሻይዋ ቅርንፉድ ያለው። «መንገደኛ ባዶ ሆዱን ከቤቴ አይወጣም» ትል ነበር። ቤቴ ነው የምትለው። ባለቤቱም ሆኑ እኔ ያን ቤት እንደዚያ ብለን ጠርተነው አናውቅም።

ያ ሳምንት የግሸን ሳምንት ነበር። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄደው ሕዝብ ሲሄድም ሲመለስም ደሴ ያድራል። አልጋ ይጠፋል። ተመላሹ እግሩ ጭቃ ልብሱ ጭቃ ሆኖ ነው የሚገባው። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ አልወጣም። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ተሸፍኖ ሰነበተ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ጉም ሲወርድባት በረንዳ ድረስ ይገባል። እትዬ አንሶላውን ኮሪደር ላይ ገመድ ወጥራ አሰጣችው። አልደረቀም። ከሰል አቅርባ አሞቀችው። ጫፉ ደረቀ፣ መሐሉ እርጥብ ቀረ። እንዲያ ሆኖ የታጠፈ አንሶላ ይሸታል። አንዱን አንስታ ፊቷ ላይ ስታደርግ አይቻታለሁ። አሸተተችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ወደ መዘፍዘፊያው መለሰችው። ሁለተኛ አጠበችው። ሁለተኛ ማጠቧንም ደብተሩ ላይ አስጻፈችኝ። ልትደብቀው የፈለገች ሰው እንዲህ አታደርግም።

ማታ ባለቤቱ ሲደውሉ ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። «እዚያ ቤት ሁለት ሒሳብ አለ» አሉ። ስለ ጉሙ ነገርኳቸው። «ጉም አንሶላ አያበዛም» አሉኝ። ከዚያ «ከነገ ጀምሮ እንዳትገባ» አሉ። መጥተው እስኪያዩ ጠብቁ ማለት ነበረብኝ። ጎጆ ከወጣሁ ገና ነበር፤ ደመወዙ ያስፈልገኛል። እሺ አልኩ።

ጠዋት እንግዶቹ እስኪሸኙ ጠብቄ ነገርኳት። አልተከራከረችም። ሽርጧን ፈታች። የአንሶላ ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከቀሚሷ ጫፍ ፈትታ አወጣች። ሳትሰጠኝ በፊት ግን ቁም ሣጥኑን ከፈተችና «በኋላ ጠፋ እንዳይባል፣ ቁጠርልኝ» አለች። አንድ በአንድ እያነሳች አስቆጠረችኝ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ፎጣ። ገመድ ላይ ያሉትን ሳይቀር። አንዲትም አልጎደለችም። ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጋ ነጠላዋን አጣፋች፤ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ቁልቁል ሄደች።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። እኔን ማታ ትምህርት እንድማር የገፋፉኝ እሳቸው ናቸው። ጥር ላይ ለጥምቀት መጥተው እዚያው ቤት አደሩ። አልጋ የምታነጥፍልን አዲሷ ልጅ ነበረች። ጠዋት ከክፍላቸው ሲወጡ አንሶላውን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ይሸታል። ምንም አላሉኝም። ቁርስ ላይ «ያቺ ሴት የት ገባች?» ብለው ጠየቁኝ። አስፈለግናት። ሚሌ ልጇ ጋ ሄዳለች አሉን። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ዓመታት አልፈው ኮምቦልቻ ቤት ስከፍት፣ በባቲ በኩል ከሚሌ የሚመጡ ሹፌሮችን አንዲት እንዲህ ያለች ሴት ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ እጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ርቆ የሚኖር ባለቤት የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ነው። ስንት አልጋ፣ ስንት ብር፣ ስንት አንሶላ። ምክንያቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ቤቴን ስከፍት መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ርእሱ «ምክንያት» ይላል። ከቁጥሩ አጠገብ የሆነውን ይጽፉበታል። «እንግዳው ሕፃን ይዞ ነበር፣ አንሶላ ሁለቴ ተቀየረ»፣ «ውሃ ስላልነበረ ሁለት ክፍል ሳይያዝ አደረ» ይላል። ያን ዓምድ ካነበብኩ በኋላ ነው ገንዘቡን የማየው። ውሸት የሚጽፍ ሰውም አለ፤ ግን ምክንያት በየቀኑ መዋሸት ከባድ ነው፤ ከወር አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ውስጥ የምታስቀምጡት ሰው ሌሊት መወሰን የሚችል ይሁን። ውሃ ሲጠፋ በቦቴ ለማስመጣት የእናንተን እሺታ የሚጠብቅ ከሆነ እንግዳው ሳይታጠብ ይሄዳል። እኔ በእጃቸው የሚቆይ ገንዘብ እተዋለሁ። የሚያወጡትን አይጠይቁኝም፤ ደረሰኙን ያስቀምጣሉ፣ ሲያልቅ አወራርደን እሞላዋለሁ። አንድ የገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ሰዎች መኪናቸው ተበላሽቶ እኩለ ሌሊት በር መቱ። አልጋ አልቋል። ቤቱን የያዘችው ልጅ የራሷን ክፍል ለቃ አስተኛቻቸው፤ ሒሳቡንም ቀንሳ ተቀበለች። ጠዋት ስትነግረኝ ደግ አደረግሽ አልኳት። የአዲስ አበባው ባለቤት ቢሆኑ ኖሮ ስልክ ትደውል ነበር፤ ስልኩ እስኪነሳ ሰዎቹ ብርዱ ላይ ይቆሙ ነበር።

ስለ ካሜራ ላስቸግራችሁ። የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ የታየ ነገር ሁሉ የታወቀ ይመስላችኋል። ኮሪደር ላይ ካሜራ ሰቅላችሁ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ሠራተኛ ታያላችሁ። የምታዩት ሴትዮዋ ወንበር ላይ መቀመጧን ነው፤ ከለሊቱ 10 ሰዓት መነሳቷን አታዩም። ኮሪደርና ኩሽና ውስጥ ካሜራ አልሰቅልም። በር ላይ ግን አለኝ። ኮምቦልቻ የጂቡቲ መንገድ ላይ ናት፤ የሹፌሮች ከተማ ናት። ሹፌር ከአልጋው በፊት የሚጠይቀው ስለ መኪናው ማደሪያ ነው። ለእሱ ሲባል ካሜራው ያስፈልጋል። (በነገራችን ላይ፣ ኮምቦልቻ የምታስቡ ካላችሁ ቆላ ቀመስ መሆኗን አትርሱ። ደሴ ላይ የምትገዙት ወፍራም ብርድ ልብስ እዚያ ማንም አይነካውም፤ አጎበርና ቬንትሌተር ግዙ። እንግዳውም ይለያል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ የሚመጣው ሰው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ የሚፈልገውም ጸጥታና በሰዓቱ የቀረበ ቁርስ ነው። የደሴው መንገደኛ አድሮ ይሄዳል።)

ሰውየውን እመኑት አልኩ። ይሁንና ገንዘብ ተቀባዩና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁን። ባልና ሚስት ከቀጠራችሁ ይህ አይሠራም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያኔ እንግዳው በቴሌብር በቀጥታ ወደ እናንተ ይክፈል፤ በጥሬ ብር የሚከፍለው ደረሰኝ ይቆረጥለት። እመኑ ብሎ መቆጣጠር ይጋጫል የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይጋጫል። እኔ ግን ሁለቱንም ሳላደርግ አድሬ አላውቅም።

ስለ እምነት ካነሳሁ አይቀር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ባለ ሆቴልና ባለ ፔንሲዮን ሌላ ከተማ ነበር። እኔም ቤተሰብ ይዤ ወጥቻለሁ። ቤት ውስጥ የቀሩት ተቀጣሪዎች ናቸው። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ነፃ ሲወጡ ተመለስኩ። ፍራሽም ቴሌቪዥንም የለም። የእኔን ቤት የያዘችው ልጅ ግን አንሶላውንና ብርድ ልብሱን በማዳበሪያ እየሞላች ጎረቤት ቤት አሽሽታው ነበር፤ መዝገቡን ደግሞ ከልብሷ ሥር ታጥቃው ከረመች። ማንም አላዘዛትም። ያን ጊዜ ስልክ አይሠራም ነበር።

አሁን ወጣቶቹን የምወቅሳችሁ አንድ ነገር አለ። ግቢ ውስጥ የሚኖር ሠራተኛ ሲሆን ቤት ሰጥቼዋለሁ ብላችሁ ደመወዙን ትቀንሳላችሁ፤ ከዚያ ሌሊትም ቀንም የእናንተ ነው። በር የሚያንኳኳ እንግዳ ሰዓት አይመርጥም፤ ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው ከሥራ ወጥቶ አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይላል። የሥራ ሰዓቱ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ጡረታው ከእናንተ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ተተኪ አስገባለሁ፤ ግሸን ይሁን የጀማ ንጉሥ መውሊድ፣ አልጋ ቢሞላም አልሰርዘውም። አንዳንዴ ተተኪው እኔው ነኝ። ያን ቀን ነው ቤቱን የማውቀው። የትኛው ሻወር እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ፍራሽ መሐሉ እንደሰመጠ ተኝቼበት አየዋለሁ።

ስለ ፈቃድ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዋጋ አልጽፍም፤ ያንን ቢሮ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልትቀጥራቸው ያሰብካቸው ባልና ሚስት እስኪታደስ ጠብቁ ብለሃቸዋል። አታቆያቸው። አሁን ቅጠራቸውና እድሳቱን እነሱ ይዩት። የልብስ ማስጫው በየት በኩል ይሁን፣ የኩሽናው በር ወዴት ይከፈት፣ የሮቶው ማስቀመጫ የት ይሁን፣ እነሱን ጠይቅ። ጓሮው ላይ ጣሪያና መስኮት ያለው፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ማድረቂያ ክፍል ሥራላቸው። አንድ አልጋ ክፍል ያስቀርብሃል። ይቅር።