«ፀሐይ ዘነበ» እና የመሐል ስም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ ሙሉእመቤት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 52 ቀኔ ነው፤ ሴት ናት። እስካሁን «ሚጣ» እያልናት ነው። እኔ «ሃሴት» እንድትባል እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ዘነበ ይባላል፣ የእሱ አባት ደግሞ ጥላሁን። አማቴ ግን አምና ያረፉት እናታቸው ፀሐይ ይባሉ ስለነበር ስማቸው እንዳይጠፋ በልጄ ላይ ይውጣ ብለዋል። ሃሴት የሚለውን ሲሰሙ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አሜሪካ ያለችው እህቴ «ሁለቱንም አድርጊው፤ አንዱን የመጀመሪያ፣ ሌላውን የመሐል ስም፤ የእኔም ልጅ እንዲሁ ናት» ትለኛለች። ባለቤቴ «እናንተ ተስማሙ» ብሎ ዝም ብሏል። እኛ አገር የመሐል ስም ይቻላል? ለክርስትናው 28 ቀን ነው የቀረን።
አራሷ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። አማትሽ ይህን መጽሔት የሚያነቡ ከሆነ እንዳይቀየሙኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ደብዳቤሽን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና «ፀሐይ ዘነበ ጥላሁን» ብዬ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ደገምኩት። ይህ የነሐሴ ወር የአየር ጠባይ እንጂ የልጅ ስም አይመስልም።

አቃቂ 31 ዓመት ሳስተምር ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ኖሬአለሁ። አንድ ዓመት አራተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟ ፀሐይ፣ የአባቷም ስም ልክ እንደ ባለቤትሽ። መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠራት፣ ገና «አቤት» ሳትል ከኋላ ወንበር አንዱ «ጅብ ወለደች!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፊቴን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሬ ጠመኔ የምፈልግ መሰልኩ። ፀሐይ እየወጣች ዝናብ ሲጥል ጅብ ትወልዳለች ሲባል ያልሰማ ልጅ የት ይገኛል? ያቺ ልጅ እስከ ሰኔ ድረስ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው አንገቷን ደፍታ ነበር። ፀሐይ ብቻዋን ብትጠራ እኮ ከስም ሁሉ የምታምር ናት። ጣጣው የሚመጣው ከተከታዩ ጋር ሲገጥም ነው።

የእኛ አገር የአባት ስም ብዙ ጊዜ ግስ ነው፤ ዘነበ፣ ታደሰ፣ በለጠ፣ ይበልጣል። ስለዚህ ለልጅሽ ስም ስታወጪ ግማሹ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ላይ ባለቤት እየጨመርሽ ነው። «ሰላም ታደሰ» ሲባል ደስ ይላል። «ፍቅር ይበልጣል» ደግሞ ራሱን የቻለ ስብከት ነው። በአንጻሩ ስሙ ጥላሁን የሆነ ሰው ልጁን ብርሃን ቢላት «ብርሃን፣ ጥላ ሁን» እያለ ሊያዛት ነው። አሁን የአንቺን ምርጫ ከባለቤትሽ ስም ጋር አንብቢው፤ ደስታ እንደ ዝናብ ወረደ ማለት ነው። አስበሽበት ይሁን ሳታስቢ አላውቅም፣ እኔ ግን ሳነበው ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ወደ እህትሽ ምክር ልምጣ። የልጅሽ የመሐል ስም ተመርጦ አልቋል፤ ዘነበ ነው። እኛ ዘንድ መሐሉ የአባት፣ መጨረሻው የአያት ነው፤ የልደት መመዝገቢያው ቅጽም የሚጠይቅሽ እነዚህኑ ሦስቱን ነው። እህትሽ ያለችበት አገር መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ ስለሚሄድ፣ መሐሉ ክፍት ነውና ወላጅ የወደደውን ይጨምርበታል። የእኛ ስም በየትውልዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ነገ ወንድ ልጅ ብትወልጂ፣ የእሱ ልጅ ሲወለድ ጥላሁን ከወረቀቱ ላይ ይወርዳል።

ሕጉ ግን ሌላ ነገር አስቦ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጓል፤ ሕዝቡ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ በአባትና በአያት ስም መጠራቱን ቀጠለ። እዚያው አንቀጽ 34 ላይ የልጁን መጠሪያ ስም አባት ይመርጣል፣ እናትም ሌላ መጠሪያ ስም ልትሰጥ ትችላለች ይላል። ስለዚህ ሁለት ስም መስጠት ነውር አይደለም። እኔ የምፈራው ሁለቱን አንድ መስመር ላይ መጻፉን ነው።

ለምን እንደምፈራ ልንገርሽ። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ሙሉእመቤት ነው፤ አንድ ቃል። ከሰነዶቼ በአንዱ ላይ ግን አንድ ጸሐፊ «ሙሉ» ብሎ፣ እጁን አንስቶ፣ «እመቤት» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ጡረታ ልወጣ ስል በአንድ መሥሪያ ቤት ያ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ እኔ ሙሉ ሆንኩ፣ አባቴ እመቤት ሆኑ፣ የአባቴ ስም ደግሞ ወደ አያቴ ቦታ ተገፋ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ ሰው ነበሩ። «እማማ፣ የአባትዎ ስም እመቤት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ወጣት አልቀለደም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። «እኔው ሙሉእመቤት ነኝ» ለማለት ሦስት ምስክርና አራት ወር ፈጀብኝ። «ሐሤት ፀሐይ» ብለሽ ብታስመዘግቢ አንድ ቀን ፀሐይ አባቷ፣ ዘነበ አያቷ ይሆናሉ።

ደግሞም አስተማሪ ነኝና አልፌው አልሄድም፤ «ሃሴት» ሳይሆን ሐሤት ነው፣ በሐመሩ ሐ እና በንጉሡ ሠ። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የጻፍሽውን በክትባት ካርዱም፣ በትምህርት ቤቱም ሳትለውጪ ጻፊው። በላቲን ፊደል ሲሆንም አንድ ኤስ ወይም ሁለት ኤስ ብለሽ ዛሬውኑ ወስኚና ማስታወሻ ያዢ። ምዝገባው ከተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ስለሆነ ከክርስትናው በኋላ የሚቀርሽ 10 ቀን ብቻ ነው። ድግሱ ሲያልቅ እንሄዳለን እንዳትሉ።

ክርስትናው ላይ ደግሞ ሌላ ስም ይመጣል። በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ስለሚል ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ ካህኑም ወለተ ማርያም ወይም አመተ ሚካኤል ብለው ይሰይሟታል። እሱ የጸሎት ስም ነው፣ ቅጽ ላይ አይገባም። እቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ነበር፤ ማንም ግን «የመሐል ስም» አላለውም። (የሙስሊም ጎረቤቶቼ በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ የሚሉትን የልጅ እርድ አውጥተው፣ ስሙንም ጨርሰው ሲያርፉ ሳይ አንዳንዴ እቀናለሁ።)

አማትሽስ? ሴትየዋ እናታቸው ከሞቱባቸው ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም፤ ስለ ስም የሚከራከሩ አይምሰልሽ። ቤት ውስጥ እሳቸው «ፀሐይ» ብለው ይጥሯት። አያት ያወጣችውን ስም አያት ብቻ የምትጠራበት ቤት ስንት አለ! የእኔም አያት እስክትሞት ድረስ «ደስታ» ነበር የምትለኝ፤ እናቴ ስትጠራኝ እሮጣለሁ፣ እሷ ስትጠራኝ ግን ምን ይዛልኝ ይሆን እያልኩ እበራለሁ። ደግሞ አስቢው፤ ሕፃኗን አቅፈው «ፀሐዬ፣ ፀሐዬ» ሲሉ ስም እየጠሩም ይሁን እያቆላመጡ ማን ይለየዋል? አንቺም አብረሽ ጥሪያት። ዘነበ የሚለው ካልተከተለ ጅቧም አትወልድም።

አንድ የቀረኝ ነገር ባለቤትሽ ነው። «እናንተ ተስማሙ» ማለት ለእሱ አይሠራም፤ ከላይ እንዳልኩሽ ሕጉ እንኳን መጀመሪያ የጠራው እሱን ነው፣ ስሙም የሚነበበው ከእሱ ስም ጋር ነው። ለእናቱ ራሱ ይንገራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ እሱ ወሬውን ይጀምር። «ፀሐይ ዘነበ» ብሎ ራሱ ጮክ ብሎ ይጥራላቸው። አንቺ ሕፃኗን ታቅፈሽ ጓዳ ግቢ፤ እሳቸው ሲስቁ ከሰማሽ ውጪ።