መልስ፦ ቀጭኑ ዘንግ ከቀይነት አልፎ ለምን አይግልም?

ጤና ይስጥልኝ። 60 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን የብረት ዘንግ ለመቀጥቀጥ በሚገባ የሚያግለው የ1 ኪሎ ኸርዝ ኢንዳክሽን ማሞቂያ (በመጠምጠሚያ ሽቦ ውስጥ በሚመላለስ የኤሌክትሪክ ጅረት ብረትን ሳይነካ የሚያሞቅ ማሽን)፣ 20 ሚሊ ሜትሩን ግን ደብዛዛ ቀይ ካደረገ በኋላ ለምን እንደሚቆም ጠይቀዋል። ማሽኑ የተበላሸ አይመስለኝም፤ ችግሩ የድግግሞሹ (ጅረቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ነው።

ብረት እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በማግኔት የሚሳብ ስለሆነ፣ መጠምጠሚያው የሚፈጥርበት ጅረት በገጹ ላይ በስሱ ይወሰንና ዘንጉ ቶሎ ይሞቃል። ከዚያ በኋላ ግን ይህ ጠባዩ ይጠፋል፤ በ1 ኪሎ ኸርዝ ጅረቱ የሚዘልቅበት ጥልቀት ወደ 17 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋና ይህም ከቀጭኑ ዘንግ ሬዲየስ ስለሚበልጥ፣ በሁለቱ ጎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈሱት ጅረቶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ኃይል መጨመር ብዙዎች የሚሞክሩት መላ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የሚያሞቀው መጠምጠሚያውንና የማቀዝቀዣውን ውኃ ነው።

የዘንጉ ዲያሜትር ከጥልቀቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። በ10 ኪሎ ኸርዝ ጥልቀቱ ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፣ 20 ሚሊ ሜትሩ 1200 ዲግሪ ለመድረስ አይቸገርም። ወፍራሙን ግን በዚህ ድግግሞሽ አይቸኩሉበት፤ ገጹ ከመጠን በላይ ሲግል ልቡ ገና ሊቀር ይችላል። ለቀጭኑ ጠበብ ያለ መጠምጠሚያም ያሠሩ፤ ለ60 ሚሊ ሜትር የተሠራው በዙሪያው የሚተወው ክፍተት እጅግ ሰፊ ነው።