የልብ ስቴንት ከቦታው ይንሸራተታል?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ከሦስት ወር በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሞኝ ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ሽቦ መረብ) ገብቶልኛል። ብረቱ እንዳይንሸራተት ስለምሰጋ በግራ ጎኔ መተኛትና ዕቃ ማንሣት ትቻለሁ። ክሎፒዶግሬል የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒትም ድዴን ስላደማኝ ካቆምኩ አምስት ቀን ሆኖኛል፤ አስፕሪን ግን እወስዳለሁ። ስቴንቱ ሊወልቅ ይችላል?

መልስ፦ አይወልቅም። የሽቦ መረቡ ወደ ደም ሥሩ የሚገባው በፊኛ ላይ ተጠቅልሎ ሲሆን፣ ፊኛው ከ10 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት ሲነፋ መረቡ ተዘርግቶ ግድግዳውን ይይዛል፤ ፊኛው ሲወጣም እንደተዘረጋ ይቀራል። በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን በሽቦዎቹ ላይ ስለሚያድግ፣ ስቴንቱ እየዋለ እያደረ የግድግዳው አካል ይሆናል። ከፊኛው ላይ የሚወልቅበት አጋጣሚ ቢኖር እንኳ ገና ሳይከፈት፣ እርስዎ በሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሳሉ ነው። ሽቦው አልፎ አልፎ ሊሰነጠቅ መቻሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ደም ሥሩ በልብ ምት ቁጥር መተጣጠፉ እንጂ ሳል ወይም የአተኛኘት ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ በፈለጉት ጎን ይተኙ፤ ከባድ ዕቃ ስለማንሣት ሐኪምዎ የሰጡት ገደብ ካለም የልብዎን ጡንቻ አስበው የሰጡት ነው።

የሚያስፈራኝ እርስዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ ነው። ገና በቅጡ ያልተሸፈነ ሽቦ ለደም ባዕድ ነገር በመሆኑ፣ ፕላትሌት የተባሉት የደም ክፍሎች ተሰብስበው ደሙን ሊያረጉበት ይችላሉ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በተለያየ መንገድ ስለሚሠሩ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላም ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት አብረው ይወሰዳሉ። የክሎፒዶግሬል ኃይል በአምስት ቀን ገደማ ስለሚጠፋ፣ እርስዎ አሁን ያለዚያ መከላከያ ነዎት። ደረቴን አላመመኝም ብለው አይዘናጉ፤ ስቴንት በረጋ ደም የሚደፈነው ቀድሞ ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ሲደፈንም ብዙዎች ሕይወታቸውን ያጡበታል። ድድዎ ሲደማ ለሐኪምዎ መደወል ሲገባዎት፣ አምስት ቀን ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ መቆየትዎ ትክክል አልነበረም።

ይህን እንዳነበቡ ስቴንቱን ላስገቡልዎት ሐኪም ይደውሉ፤ መድኃኒቱን በምን መጠን እንደሚጀምሩ እርሳቸው ይወስናሉ፤ ያለፈውን ለማካካስ ደርበው አይውጡ። የድድ መድማት በጥርስ ሐኪም የሚታከም ነገር ነው። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከዎት ግን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ መኪና ራስዎ ሳይነዱ፣ ያልፋል ብለውም ሳይጠብቁ አምቡላንስ ይጥሩ፤ ሲደርሱም ስቴንት እንዳለዎትና ክሎፒዶግሬልን መቼ እንዳቆሙ ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ።